ሸማኔው ቢያድግ በስልሳ ዓመቱ ፊደል ሲቆጥር

የሰማነውን እንደ ሰማነው እናውራ፤ የጎደለውን እግዜር ይሙላው፣ የጨመርነውንም ይቅር ይበለን።

በድሮ ዘመን ወይራ አምባ ማርያም ከምትባል ደብር አጠገብ ቢያድግ የሚባል ሸማኔ ነበር። ማለዳ ተነስቶ ጸሎቱን ያደርሳል፤ ከዚያ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ሰዶ፣ ከወገቡ በላይ ብቻ እየታየ፣ እስከ ሠርክ ይሸምናል። እጁ ከመወርወሪያው አይለይም፣ አፉም ከነገር አይለይም። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሳይለው ካለፈ ይተርበዋል፤ ሰላም ብሎት ካለፈም ይተርበዋል።

ቢያድግና ሌሎች ዐሥር ሸማኔዎች ወንዝ ዳር ባለች አንዲት መሬት ላይ ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ይኖሩ ነበር። የአገሩ ገዥ ግራዝማች ወሰኔ መሬቲቱን ወደዷት። ውሃዋ ጥሩ ነው፣ ጥላዋም ጥሩ ነው። አንድ ጉድለቷ ሸማኔ የሰፈረባት መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን የመሬት ነገር የሚጻፈው በደብሩ ወንጌል ዳር ላይ ነበር። ለሰው መሬት ሲሰጥ ወንጌሉ ይወጣል፣ ካህናቱ ይሰበሰባሉ፣ ከገጹ ዳር ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ይጻፍለታል። እዚያ የተጻፈ አይፋቅም። የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹም አንዱ የግራዝማች ጸሐፊ ደብተራ ገላው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ግራዝማች ሸማኔዎቹን ከደብሩ ደጅ ሰበሰቡና ወንጌሉን አስወጥተው ደብተራውን አስነበቡት። ደብተራ ገላው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ መሬቲቱ ከትልቁ ሾላ እስከ ድንጋዩ ካብ ድረስ የግራዝማች አባት ናት ብሎ አነበበ። ቢያድግ ጆሮዬ ከበድ ብሏልና ይደገምልኝ ብሎ ለመነ። ደብተራው ደገመው። በዚህኛው ግን መሬቲቱ ካቡን ዘልላ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ማዶ ደረሰች። ሦስተኛ ልድገምልህ ወይ ብሎ ደብተራው ሲቆጣ፣ ቢያድግ እጅ ነሣና እንዲህ አለው፦

«የለም ጌታዬ፣ ይበቃኛል፤ ምሽቴን ሳይጨምሩ ይዝጉት።»

ነገሩ ከዳኛው ከባላምባራስ ሽበሺ ዘንድ ደረሰ። ባላምባራስ ደግ ሰው ነበሩ፤ ፊደል ግን እሳቸውም አልቆጠሩም። እኔ የምፈርደው በተነበበው ነው፣ ንባቡ ሐሰት ነው ካላችሁ ሌላ አንባቢ አምጡ አሉ። ሌላ አንባቢ ተፈለገ። ሁሉም የግራዝማችን እንጀራ የበላ ነውና አንዱን ራሱን አመመው፣ አንዱ ዓይኔን አለ፣ አንዱም ልቅሶ አለብኝ ብሎ ማንም ወዳልሞተበት ቤት ሄደ። በመጨረሻ ቢያድግ ተነሣና እንግዲያስ እኔው ራሴ አነበዋለሁ አለ።

ሸንጎው ሳቀ። ግራዝማች ግን አልሳቁም፤ ደስ አላቸው እንጂ። ወዲያው ውል ያዙ፦ ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ለሚመጣው ዓመት የመስቀል ማግስት ቢያድግ ወንጌሉን ያንብብ። ካነበበ መሬቲቱ ትጽናለት፤ ካላነበበ ዐሥራ አንዱም ሸማኔ የሽመና ዕቃውን ነቅሎ ከአገር ይውጣ። ሁለቱም በማርያም ማሉ። ባላምባራስ ሽበሺ አዘኑለትና፣ አንተ ሰው፣ በሃያ ዓመትህ ያልቆጠርከውን ፊደል በስልሳ ዓመትህ ልትቆጥረው ነው ወይ ብለው ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ በሃያ ዓመቴማ የሚያነብልኝ ሰው እንዲህ አልከፋም ነበር» አላቸው።

በማግስቱ ጋቢውን አጣፍቶ፣ የመምህሩን የየኔታ ጥዑምን ደጅ ጠና። የኔታ አለንጋቸውን ታቅፈው ከዋርካ ሥር ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹ፣ ትልቁ ከቢያድግ ጉልበት የማይደርስ፣ ፊደሉን እየጮኹ ይሉታል። የኔታ ቀና ብለው አዩትና የማንን ልጅ ልታስገባ መጣህ አሉት። ቢያድግ የአባቴን አላቸው። የኔታ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ በል ተቀመጥ፤ ነገር ግን እኔ ዘንድ ሽማግሌ ብሎ ነገር የለም፣ ያጠፋ ይገረፋል ብለው አስጠነቀቁት።

«ግድ የለም የኔታ፤ ከእኔ ጋር እርስዎም ይደክማሉ።»

በዚያ አገር ልጅ ፊደል የሚማረው እንደ ዘፈን ነው። ከሀ ጀምሮ እየተወዛወዘ ይወርዳል፤ ዓይኑ ዛፍ ላይ ያለ ዝንጀሮ ያያል፣ አፉ ግን አይሳሳትም። ቢያድግም ዜማው በሳምንት ገባው። ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሲለው ጎረቤቱ ሁሉ ዐወቀው፣ በጉን የሚያግድ እንኳ ለበጉ ያዜምለት ጀመር። የኔታ ደስ ብሏቸው በስንደዶ ከፊደሉ ብራና መካከል ቀ ላይ ነካ አደረጉና ይቺ ማን ናት አሉት። ቢያድግ ዓይኑን ጨፈነና ከሀ ተነሥቶ፣ ለን ሐን መን እያለ፣ አንዷንም ሳይዘል ወረደ። ቀ ላይ ሲደርስ ዓይኑን ገልጦ ቀ ናት አለ። የኔታ፣ እኔ ቀን ብጠይቅህ ዘመዶቿን ሁሉ ምን አስጠራህ ብለው በአለንጋው ጫፍ ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

«የኔታ፣ እኔ ገበያ የምደርሰው ከቤቴ ተነሥቼ ነው፤ ገበያው መሐል አልበቅልም።»

የኔታ ሳቁ፤ ግን አልማሩትም። ያኑ ዕለት ወደ አቡጊዳ አሻገሩት። አቡጊዳ ማለት ያው ፊደል ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉ ተበጥብጦ ስለሚሄድ ዜማ አያድንም፣ ዓይንን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ቢያድግም የእውነት መማር የጀመረው ያን ቀን ነው ይባላል።

ብራናውን ቤቱ ወሰደና ከሽመናው ፊት ለፊት ካለው ቋሚ እንጨት ላይ ሰቀለው። መወርወሪያውን አንድ ጊዜ በወረወረ ቁጥር አንድ ፊደል ያያል። ፊደሉ ከጠፋበት መወርወሪያው አየር ላይ ይቆያል። ወይዘሮ የሽመቤት የሚባሉ አንዲት ባለጠጋ ያዘዙትን ጋቢ ሊወስዱ መጡና ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ግማሹ እንደ ቆዳ ጥብቅ ያለ ነው፤ ግማሹ ወንፊት ነው፣ ጣት ያሳልፋል። ይኼ ሁለት ሰው የሠራው ነው እንጂ የአንድ ሰው እጅ አይደለም ብለው ጮኹበት።

«እውነትዎን ነው እመቤቴ፤ ጥብቁን የሠራሁት ምንም ሳላውቅ ነው፣ የላላው ላይ ዐዋቂ ሆኛለሁ።»

ወይዘሮ የሽመቤት የላላውን ፈትቶ በነጻ እንዲሠራ ፈረዱበት፤ እሱም ሠራላቸው።

ለአፉ አቻ የማይገኝለት ቢያድግ በቤቱ ግን አንዲት አቻ ነበረችው፤ ምሽቱ ደብሪቱ። አንድ ቀን ፊደሉን ሁሉ ከነዘሩ ዘልቆ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባና፣ ስሚ አንቺ፣ አንዱ ፊደል ሰባት ሰባት መልክ አለው፤ ሰባቱንም ለይቼ ዐውቄያለሁ፤ ከእንግዲህ እኔን የሚያቅተኝ ምን አለ ብሎ ጠየቃት። ደብሪቱ ከምድጃው ቀና ሳትል፣

«ሰባቱን ካወቅህ ስምንተኛውን እኔ ልንገርህ፤ እንጨት የለም» አለችው።

ቢያድግ መጥረቢያውን አነሣ። ከዚያ ወዲያ እንጨት ሲፈልጥም አቡጊዳ ይል ነበር።

ግራዝማች ወሰኔ በየሳምንቱ ወሬ ያስጠይቃሉ። እስከ ታኅሣሥ ወሬው ያስቃቸው ነበር፤ በጥር ግን ቢያድግ ፊደል አገጣጥሞ ስም ማንበብ ጀመረ ሲሏቸው ሳቁ ቀረ። ሰው ላኩና፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ሸማኔ ብታስተምር ድርጎህ ይቀራል ብለው የኔታን አስፈራሩ። የኔታ ከድርጎው በቀር መተዳደሪያ የላቸውም። ቢያድግ ሲመጣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነገሩት። ለቢያድግ ዐሥሩ ጎረቤቶቹ ከነልጆቻቸው ሲሰደዱ ታይቶት ይሆናል። ከዚያ ከዋርካው ፈንጠር ብሎ ካለ ድንጋይ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

«አያስተምሩኝ የኔታ። እኔ እዚህ ፀሐይ ልሙቅ፤ ጆሮዬ ላይ እንደሆነ ገና አዋጅ አልወጣም።»

የኔታ ገባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማሪዎቹ መካከል ድንቁ የሚባል የማይታይ ተማሪ ገባ። ቢያድግ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ብራናውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሲሳሳት የኔታ ወደ ልጆቹ ዞረው፣ አንተ ድንቁ፣ እሱ ጠ አይደለም፣ ዓይንህን አታሽም ወይ፣ አንተ የስልሳ ዓመት አህያ ብለው ይቆጣሉ። ልጆቹ ድንቁ የቱ ነው እያሉ እርስ በርስ ይተያያሉ። የግራዝማች ወሬኛ ሦስት ቀን ተደብቆ ሰማና ሄዶ፣ ጌታዬ፣ ሸማኔው ትምህርቱን ተወ፤ ድንቁ የሚባል አንድ ደንቆሮ ግን የኔታን ሊገድላቸው ነው አላቸው።

የኔታ ሁሉን ቢያስተምሩም የሚያስነብቡበት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበራቸው፤ ቢያድግ እሱን በልቶ ጨረሰው። ግራዝማች ከአባታቸው የወረሱት የመጽሐፍ ሣጥን አላቸው፤ ቁልፉ ከአንገታቸው ይውላል። ማንም ቢለምናቸው ዓይን የበዛበት መጽሐፍ ያልቃል ይላሉ። እሳቸው ግን በየበዓሉ ዳዊታቸውን ይዘው ከደብሩ ደጅ ተቀምጠው ሲደግሙ ይታያሉ፤ ሕዝቡም እንዴት ያሉ አንባቢ እያለ ያደንቃል።

በአስተርእዮ ማርያም ዕለት እንዲሁ ዓይናቸውን ከደን አድርገው ሲደግሙ ቢያድግ በአጠገባቸው ቆሞ ነበር። ነፋስ መጣና ገጹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መለሰው። ግራዝማች አልሰሙትም፤ ያንኑ ይደግማሉ። ነፋሱ ደግሞ መጥቶ መጽሐፉን ዘጋው። ግራዝማች አሁንም ይደግማሉ፤ ለነገሩ በልጅነታቸው በቃላቸው የያዙት ነው። ቢያድግ እስኪጨርሱ በትሕትና ጠበቀና እጅ ነሣ።

«ግራዝማች፣ መጽሐፉን ቢያውሱኝስ? እርስዎ እንደሆኑ አያስቸግሩትም።»

አላዋሱትም። ደጅ ላይ የነበሩት ቄሶች ግን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከሩቅ አገር ትልቅ መምህር መጥተው ግራዝማች ቤት ተስተናገዱ። ስለ ሽማግሌው ተማሪ ሰምተው ኖሮ በመንገዳቸው ሽመናው ዘንድ ቆሙና፣ ልጄ፣ ትምህርት በጊዜው ነው፤ እኔ ያለውን ሁሉ ተምሬ በሠላሳ ዓመቴ ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም አሉት። ቢያድግ መወርወሪያውን አቁሞ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«እኛ ቤት ተጨርሶ ሃያ ዓመት የተቀመጠን ጋቢ ብል ይበላዋል፤ ለእርስዎ እንዴት ተረፈልዎ?»

ክረምት ገባ። ዝናቡ ሲጥል ቢያድግ ከቤቱ ተቀምጦ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ይህን የሰማ አያ ጎበዜ የሚባል ጎረቤቱ፣ ከዐሥሩ ሸማኔዎች አንዱ፣ ሆዱን ይዞ መጣ። ሆዱን ሲያመው ሰባት ዓመቱ ነው። ደብተራ ገላው ሁለት ፍየል ተቀብሎ የጻፈለትን ክታብ በአንገቱ አስሮ ይዞራል፤ ከፈታኸው ትሞታለህ ስላለው ፈትቶት አያውቅም። አሁን ግን ሕመሙ ጠናበትና፣ እየኝ እስቲ አያ ቢያድግ፣ ምናልባት ጽሑፉ ደክሞት ይሆናል አለው። ቢያድግ አማተበና ቆዳውን ፈታ። እንደ ልማዱ እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ እየነካ ብዙ ቆየ። አንዴ ጽሑፉን፣ አንዴ የጎበዜን ሆድ ያያል። ጎበዜ ላብ አጠመቀው፤ ምን ይላል፣ እሞታለሁ ወይ አለ።

«አይዞህ፣ ክታቡስ ሠርቷል። ለምጥ የተጻፈ ነው፤ ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ ምጥ የሚባል ነክቶህ አያውቅም።»

ጎበዜ ቤቱ ሄዶ ኮሶ ጠጣ፤ ዳነም። ወሬው ከሰኞ እስከ ሐሙስ አገሩን አዳረሰው። ስንቱ ሰው አንገቱን እየፈታ ቢያድግ ደጅ ተሰለፈ፤ ደብተራ ገላውም ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አጣ ይባላል።

የመስቀል ማግስት ደረሰ። ዐሥሩ ሸማኔዎች ምናልባት ብለው የሽመና ዕቃቸውን ነቅለው፣ በጭድ ጠቅልለው ነበር የመጡት። ደብሪቱም መጥታለች። ወንጌሉ በጃንጥላ ታጅቦ ወደ መሬቲቱ ዳር ወጣ፤ ሁሉ ተሳለመው። ባላምባራስ ሽበሺ በወንበራቸው ተቀመጡ፣ ግራዝማችም በምንጣፋቸው። መጀመሪያ ደብተራ ገላው ተጠራና ዳሩ ላይ ያለውን አነበበ። ሳይተነፍስ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ አወረደው። መሬቲቱ ከነሾላዋ፣ ከነወንዟ የግራዝማች አባት ሆነች።

ቢያድግ ቀረበ። ጎንበስ ብሎ አየ። እሱ የተማረው በትልልቁ ፊደል ነው፤ ይኼኛው ከገጹ ጥግ ላይ የተጨናነቀ፣ የጉንዳን እግር የመሰለ ጽሑፍ ነው። በሆዱ እመቤቴን ጠራ። ስንደዶውን ከመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አሳረፈና፣ ይ… ቺ… ን… አለ። ይቺን። ሰዉ ጠበቀ። ፀሐይ ከፍ አለች። መ… ሬ… ት… አለ። አንዱ ቄስ አዛጋ፤ ከእሱ ወደ ሌላው ተላለፈ። ስንደዶው ሲቆም ዐሥሩም ሸማኔዎች አብረው ትንፋሻቸውን ያቆማሉ፤ ሲራመድ ይተነፍሳሉ። ግራዝማች ሳቅ ጀመራቸው። በመጨረሻ ባላምባራስ ሽበሺ ተሰላቹና፣ ምነው አንተ ሰው፣ ደብተራው በአንድ ትንፋሽ የጨረሰውን አንተ ከጧት ጀምሮ ከአንድ መስመር አላለፍክም አሉት። ቢያድግ ዓይኑን ከጽሑፉ ሳይነቅል መለሰ፦

«ጌታዬ፣ እሳቸው የሚያነቡት የሌለውን ነው፤ የሌለ ነገር ምን ያደናቅፋል? እኔን ግን እያንዳንዱ ፊደል እየያዘኝ ነው።»

ባላምባራስ ጢማቸውን ዳበሱ። ጥቂት አሰቡና ደብተራ ገላውን ጠሩት፤ በል አንተም ስንደዶ ያዝና የግራዝማች አባት ስም የተጻፈበትን ንካልኝ አሉት። ደብተራው ስንደዶውን ተቀበለ። ስንደዶው ከገጹ በላይ እንደ ዝንብ ዞረ፤ ወረድ ይላል፣ ሊያርፍ ይልና ይነሣል። ሰውን መዋሸት ለምዷል፤ ወንጌልን በእጁ ነክቶ መዋሸት ግን አልሆነለትም። ግንባሩ ወዛ። ዛሬ ዓይኔ ጭጋግ ለብሷል ብሎ ስንደዶውን መለሰ።

ቢያድግ ካቆመበት ቀጠለ። የሚያዛጋም አልነበረም። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ጨረሰው። የተጻፈው፣ ይቺን መሬት የማርያምን መጋረጃ ለሚሸምኑ ሸማኔዎች ከነልጅ ልጆቻቸው ሰጠን፣ የነካት የተወገዘ ይሁን የሚል ነበር። የተወገዘ የሚለው ሲነበብ ግራዝማች እግራቸውን ከምንጣፉ ላይ ሰብሰብ አደረጉ፤ ምንጣፉ የተነጠፈው ከዚያችው መሬት ዳር ነበርና።

ባላምባራስ ሽበሺ ፈረዱ፤ መሬቲቱ ለሸማኔዎቹ ጸናች። ጎበዜ ዕቃውን የጠቀለለበትን ጭድ ይበትን ጀመር። ደብሪቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ይኼ ሰውዬ እንግዲህ እንጨት የሚባል አይፈልጥልኝም አለች። ግራዝማችም ሰው ፊት ማፈራቸውን ለመሸፈን ሳቅ ብለው፣ መልካም፣ ለአንዲት መስመር ብለህ ዓመት ሙሉ ደክመህ ነበር፤ መስመርህን አነበብክ፤ ከእንግዲህ ወንጌሉን ዝጋና ወደ ጉድጓድህ ተመለስ አሉት። ቢያድግ እጅ ነሣ፤ ስንደዶውን ግን አላስቀመጠም፣ በዳሩ የሌላ ሰው መሬት የተጻፈበትን የሚቀጥለውን ገጽ ገለጠ።

«እሺ ጌታዬ፤ እስከ ዛሬ ለጎረቤቶቼ ምን ምን እንዳነበባችሁላቸው ከቀሪው ልየውና እዘጋዋለሁ።»